ሴሉ ራሱን ሲበሳ፦ ከላብ የሥራ ማስታወሻ

ጥያቄው አጭር ነው። ማክሮፌጅ (ጀርም የሚውጥ የመከላከያ ሴል) የባክቴሪያ መርዝ ሲያጋጥመው ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የሚባለውን የብግነት መልእክት ወደ ውጭ ይለቃል። ብዙ ጊዜ አብሮም ይፈነዳል። ታዲያ መልእክቱ የሚወጣው ሴሉ ስለፈነዳ ነው ወይስ ከመፈንዳቱ በፊት? ድሮ «ያው ሲሞት ሆዱ ውስጥ ያለው ይዘረገፋል» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ዛሬ መልሱ ታውቋል። እኔ ግን በገዛ ፕሌቴ ላይ ማየት ፈለግሁ። ለሚቀጥለው ሥራችንም ሁለቱን ነጥሎ መለካት መቻል አለብን። እየሠራሁ የጻፍኩት ይኸው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰኞ

ሴሎቹ ቲኤችፒ-1 ይባላሉ። የደም ካንሰር ከነበረበት የአንድ ዓመት ሕፃን የተገኙ ናቸው። ጃፓኖች በ1980 ይፋ ካደረጓቸው ወዲህ በየአገሩ ላብ እየተባዙ ይኖራሉ። የእኛዎቹ ላይ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ተቀጥሏል፤ ለምን እንደሆነ ሐሙስ ላይ እነግራችኋለሁ።

በተፈጥሯቸው ተንሳፋፊ ናቸው። ማክሮፌጅ እንዲሆኑ ፒኤምኤ የሚባል ኬሚካል ጨምሬ 96 ጉድጓድ ያለው ፕሌት ላይ ዘራኋቸው። በየጉድጓዱ 50 ሺህ ገደማ።

እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም። ፒኤምኤ ራሱ ሴሉን ይቆሰቁሰዋል። ገና ምንም ባክቴሪያ ሳያይ ኢንተርሉኪን-1 ማዘጋጀት ይጀምራል። ስለዚህ ካጠቡ በኋላ ማሳረፍ ግድ ነው። ይህን የሚዘሉ ሰዎች አሉ። ኮንትሮላቸው (ምንም ያልተጨመረበት ማነጻጸሪያ) ለምን ከፍ እንዳለ ደግሞ ወሩን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ታገኛቸዋለህ።

ረቡዕ

ተጣብቀዋል። ጠፍጠፍ ብለዋል፣ አንዳንዶቹ እግር አውጥተዋል። አጠብኩ፣ ሚዲያ ቀየርኩ። ዛሬ ሌላ ሥራ የለም።

ሐሙስ ጠዋት

የመጀመሪያው ምልክት ኤልፒኤስ ነው፤ ከኢ. ኮላይ የውጭ ሽፋን የሚገኝ፣ ስብና ስኳር የተያያዙበት ሞለኪውል። ሪቻርድ ፋይፈር በ1892 በርሊን ውስጥ ከሮበርት ኮክ ጋር ሲሠራ የኮሌራ ጀርም ከሞተ በኋላም እንስሳ እንደሚገድል አየ። መርዙ ጀርሙ የሚያመነጨው ሳይሆን የራሱ የአካሉ ክፍል ነው አለና ኢንዶቶክሲን ብሎ ሰየመው። ሴሉ በምን እንደሚያውቀው ለማግኘት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። በ1998 የብሩስ ቦይትለር ቡድን ኤልፒኤስ የማይነካቸውን አይጦች መርምሮ ጉድለቱ ቲኤልአር4 የሚባለውን የሴል ሽፋን ተቀባይ ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ላይ መሆኑን አሳየ። ቦይትለር በ2011 የሕክምና ኖቤልን ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው።

አሠራሩ ቅብብሎሽ ነው። ኤልቢፒ የሚባል የደም ፕሮቲን ኤልፒኤሱን ይነቅላል፣ ለሲዲ14 ያቀብላል፣ ሲዲ14 ደግሞ ቲኤልአር4 ላይ ለተቀመጠው ኤምዲ-2 ይሰጣል። ኤምዲ-2 ኪስ አለው። የኢ. ኮላይ ኤልፒኤስ ስድስት የስብ ጭራዎች አሉት። አምስቱ ኪሱ ውስጥ ይገባሉ። ስድስተኛው ውጭ ይቀርና ጎረቤት ያለውን ሌላ ቲኤልአር4 ስቦ ያጣምረዋል። ሁለቱ ሲጣመሩ ነው ምልክቱ ሽፋኑን ተሻግሮ ወደ ውስጥ የሚገባው። የቸነፈር ጀርም ይህን ቆጠራ ያወቀበት ይመስላል። በሰው ሰውነት ሙቀት ላይ የሚሠራው ኤልፒኤስ አራት ጭራ ብቻ ነው ያለው። ቲኤልአር4 በቅጡ አያየውም። ተንኮል ማለት ይህ ነው።

ወደ ሥራው ልመለስ። ኤልፒኤስ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ፕላስቲክ ላይም ይለጠፋል። ከፍሪጅ አውጥቶ ወዲያው መጠቀም አይሆንም። ቱቦውን ቮርቴክስ ላይ ደህና አድርጌ ካንቀጠቀጥኩ በኋላ ነው ያቀጠንኩት። ሌላው ጣጣ ኤልፒኤስ የትም መኖሩ ነው። አውቶክሌቭ (በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ ኤልፒኤስን አያጠፋም። የመስታወት ዕቃ ከሆነ 250 ዲግሪ ላይ በደረቅ ሙቀት ግማሽ ሰዓት መጋገር አለበት። ስለዚህ ዛሬ የምጠቀምበትን ውኃና ጨው ሁሉ አስቀድሜ በሊሙለስ ምርመራ አሳልፌዋለሁ። ይህ ምርመራ የሚሠራው ከፈረስ ኮቴ ሸርጣን ደም ነው። ደሙ ሰማያዊ ነው። ኤልፒኤስ ሲነካው ይረጋል።

በሚሊ ሊትር 200 ናኖግራም ኤልፒኤስ ጨምሬ ሦስት ሰዓት ኢንኩቤተር ውስጥ ተውኳቸው። በእነዚህ ሰዓታት ሴሉ የሚሠራው ዝግጅት ነው። ጂኖችን የሚያበራው ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን ወደ ኒውክሊየስ ይገባል። ቲኤንኤፍ የሚባል ሌላ የብግነት መልእክት ይመረትና በተለመደው የማጓጓዣ መንገድ ወደ ውጭ ይወጣል። ኢንተርሉኪን-1 ቤታ ግን ውስጥ ይቀራል። ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ ገና 31 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) የሆነ ያልተቆረጠ ዱላ ነው። ሁለተኛ፣ በተለመደው መንገድ ለመውጣት የሚያስፈልገው መለያ የለውም። ሴሉ መሣሪያውን አጉርሶ ቁጭ ብሏል። ጣቱን ምላጩ ላይ አላደረገም።

ምክንያቱ ሲያስቡት ግልጽ ነው። አንጀታችን በኤልፒኤስ የተሞላ ነው። ሴሉ ኤልፒኤስ ባየ ቁጥር ቢፈነዳ ኖሮ ቁርስ ሳንበላ እናልቅ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛ ማስረጃ ይጠብቃል። «ባክቴሪያ አለ» ብቻ አይበቃውም፤ «እየጎዳኝ ነው» የሚለውም መምጣት አለበት።

ሐሙስ ከሰዓት

ሁለተኛው ምልክት ኒጀሪሲን ነው። ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉት የአፈር ባክቴሪያዎች የሚሠሩት መርዝ ነው። ሽፋኑ ውስጥ ይሰነቀርና ፖታሲየም ያወጣል፣ በምትኩ ሃይድሮጂን ያስገባል። ሴል ውስጥ ያለው ፖታሲየም 140 ሚሊሞላር አካባቢ ነው፤ ውጭ ያለው 5። በሩ ከተከፈተ የሚሆነውን መገመት አይከብድም።

ኤንኤልአርፒ3 የሚባለው ጠባቂ ፕሮቲን መርዙን ራሱን አያየውም። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ኒጀሪሲን ይሁን፣ ስታፍ የሚባለው ባክቴሪያ ቀዳዳ ሠሪ መርዝ ይሁን፣ ከሞተ ጎረቤት ሴል የወጣ ኤቲፒ (የሴል ጉልበት ሞለኪውል) ይሁን፣ እሱ የሚሰማው የፖታሲየሙን መጉደል ነው። ሌቦቹን አንድ በአንድ በመልክ ማወቅ አያስፈልገውም። ከነቃ በኋላ ኤኤስሲ የሚባሉ ፕሮቲኖችን ይሰበስባል፤ እነሱ ካስፔዝ-1 የሚባለውን ቆራጭ ኢንዛይም ይቀሰቅሳሉ። ይህን ስብስብ ኢንፍላማሶም ብለው በ2002 የሰየሙት ሎዛን የነበሩት ዩርግ ቾፕና ባልደረቦቹ ናቸው።

አረንጓዴው ፕሮቲን የተቀጠለው ኤኤስሲ ላይ ነው። 10 ማይክሮሞላር ኒጀሪሲን ጨምሬ ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀመጥኩ። ሚዲያው ውስጥ ፕሮፒዲየም አዮዳይድ አለ። ይህ ቀይ ቀለም ሽፋኑ ካልተበሳ አይገባም።

መጀመሪያ ሴሉ በሙሉ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ለሩብ ሰዓት ያህል ምንም የለም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ሰልችቷት ቡና ልታመጣ ሄደች። ከዚያ አንዱ ሴል ውስጥ አረንጓዴው በአንድ ጊዜ ተሰበሰበ። ሌላው የሴሉ ክፍል ጨለመ፤ አንዲት ደማቅ ነጥብ ብቻ ቀረች። ስፋቷ አንድ ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። በአንድ ሴል አንድ ነጥብ፤ ሁለት የለም። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የዚያው ሴል ኒውክሊየስ ቀላ። ከዚያ ሽፋኑ ከሥር መነፋት ጀመረ፤ ሊጥ ላይ እንደሚወጣ አረፋ ክብ፣ ስስ፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ። አጠገቡ ያለውም ተከተለ። ልጅቷ ቡናውን ይዛ ስትመለስ ግማሹ ሜዳ ቀልቶ ነበር።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ነጥብ፣ ከዚያ ቅላት፣ ከዚያ መነፋት። ቀለሙ የገባው ሴሉ ሳይፈነዳ ነው። ማን በሳው? ራሱ። ካስፔዝ-1 ኢንተርሉኪን-1 ቤታን ከመቁረጡ ሌላ ጋስደርሚን ዲ የሚባል ፕሮቲን ይቆርጣል። የተቆረጠው የፊተኛው ክፍል ወደ ሽፋኑ የውስጥ ገጽ ይሄዳል፣ ከወንድሞቹ ጋር ክብ ይሠራል፣ ሽፋኑን ይበሳል። ይህን በ2015 ሁለት ቡድኖች በተመሳሳይ ጊዜ አወጡት፤ ቤጂንግ ያለው የፌንግ ሻኦ ቡድንና ካሊፎርኒያ ያሉት የጄነንቴክ ሰዎች። ቀዳዳው 33 ገደማ ቁራጮች የተሰለፉበት ሲሆን የውስጥ ስፋቱ 21 ናኖሜትር አካባቢ ነው። የተቆረጠው ኢንተርሉኪን-1 ቤታ 17 ኪሎዳልተን ናት። እንደ ልቧ ታልፋለች።

ቅዳሜ

ልኬት። ሁለት ነገር ነው የምለካው። የወጣውን መልእክት (ኢንተርሉኪን-1 ቤታንና ቲኤንኤፍን) በኢላይዛ፣ ማለትም የፕሮቲን መጠንን በቢጫ ቀለም በሚያሳይ ምርመራ፣ የሽፋን መቀደድን ደግሞ በኤልዲኤች። ኤልዲኤች ሴል ውስጥ የሚኖር 140 ኪሎዳልተን የሆነ ኢንዛይም ነው። ሽፋኑ ካልተቀደደ ብዙም አይወጣም። ውጭ ከተገኘ ሴሉ ፈንድቷል ማለት ነው። ሴሉን ሙሉ በሙሉ የሚያፈርስ ትራይተን የሚባል ሳሙና የተጨመረባቸውን ጉድጓዶች መቶ በመቶ ብዬ የቀረውን ከነሱ ጋር አነጻጽራለሁ።

ለሚሞክሩት አንድ ምክር። የጥጃ ሴረም ራሱ ኤልዲኤች አለው። ሴረም ባለበት ሚዲያ ከለካችሁ ኮንትሮሉ ራሱ የፈነዳ ይመስላችኋል። እኔ ኒጀሪሲን ከመጨመሬ በፊት ሴረም ወደሌለው ሚዲያ አዛውሬያቸዋለሁ።

ውጤቱ ደስ ይላል። ኤልፒኤስ ብቻ ያገኙት፦ ቲኤንኤፍ ሞልቷል፣ ኢንተርሉኪን-1 እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ኤልዲኤች የለም። ኒጀሪሲን ብቻ ያገኙት ደግሞ ኢንተርሉኪን-1ን ትንሽ ለቀዋል፤ የፒኤምኤ ትራፊ መሆን አለበት። ሁለቱንም ያገኙት፦ ሁሉም ነገር ወጥቷል። ኤንኤልአርፒ3ን የሚያግደው ኤምሲሲ950 ያለበት ጉድጓድ ጸጥ ብሏል። ሚዲያው ላይ 50 ሚሊሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ የጨመርኩበትም እንደዚያው። ውጭውም ፖታሲየም ከሆነ የውስጡ የሚሄድበት የለም።

እሑድ መግባት ፈልጌ ነበር። ጀርመኖቹ ባልደረቦቼ እሑድ ላብ ውስጥ ሰው ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። ተውኩት።

ማክሰኞ

የመጣሁበት ሙከራ ይሄ ነው። ግላይሲን።

ግላይሲን ተራ አሚኖ አሲድ ነው፤ ርካሽ፣ ጣፋጭ። 5 ሚሊሞላር ሲጨመር ሴሎች እንዳይፈነዱ እንደሚያደርግ ከድሮ ይታወቃል። እንዴት እንደሚያደርገው ግን እንቆቅልሽ ነበር። በ2021 እነዚያው የጄነንቴክ ሰዎች ኒንጁሪን-1 የሚባል ትንሽ የሽፋን ፕሮቲን አገኙ። እስከዚያ ድረስ ጋስደርሚን ከበሳው በኋላ ሴሉ ውኃ ገብቶበት እንዲያው በግፊት የሚፈነዳ ይመስል ነበር። አይደለም። መጨረሻ ላይ ሽፋኑን የሚቀደው ኒንጁሪን-1 ነው። ሽፋኑ ላይ ተበታትኖ ይኖራል፤ ሰዓቱ ሲደርስ እየተሰለፈ ይሰነጥቀዋል። በዓመቱ ደግሞ ግላይሲን ይህን ስብስብ እንደሚያግድ ታየ።

ስለዚህ ሁለት በር አለ። ትንሹን ጋስደርሚን ይከፍታል፣ ትልቁን ኒንጁሪን ይቀዳል። ግላይሲን የሚዘጋው ትልቁን ብቻ ነው።

ፕሌቱን በሁለት ከፈልኩ። ግማሹ ኒጀሪሲን፣ ግማሹ ኒጀሪሲን ከነግላይሲን። ማይክሮስኮፕ ስር ሲታይ መጀመሪያ ልዩነት የለም። አረንጓዴ ነጥብ በሁለቱም። ቀይ ኒውክሊየስ በሁለቱም። መነፋትም በሁለቱም። ልዩነቱ የታየው ቆይቶ ነው። ግላይሲን የሌለባቸው አረፋዎች እየጠፉ ቅርፊት ብቻ ቀረ። ግላይሲን ያለባቸው ግን ተነፍተው ቆሙ። ሳጥብ እንኳ አልጠፉም።

ኢላይዛው ላይ ኢንተርሉኪን-1 በሁለቱም ወገን ወጥቷል፣ የሚቀራረብ ነው። ኤልዲኤች ግን ግላይሲን ባለበት ወደ ኮንትሮሉ ተጠግቷል። መልእክቱ ወጥቷል፣ ሴሉ አልተቀደደም። ያንን ቢጫ የኢላይዛ ረድፍ እስከ መጨረሻው እኩል ሆኖ ሳየው ብቻዬን ሳቅኩ። ፎቶ አንስቼ ለሁሉም ላክሁ። ማንም አልገባውም።

ግላይሲን ሴሉን አዳነው ማለት አይደለም። ቀዳዳው አለ፣ ፖታሲየሙ ሄዷል፣ ሴሉ ሥራ አቁሟል። ቅርጹን ይዞ ሞተ እንጂ አልዳነም።

ረቡዕ

ፎቶው ከደረሳቸው አንዱ ጎንደር ያለ ሐኪም ጓደኛዬ ነው። የኢላይዛው ፎቶ አልሳበውም። «ስሚ እንጂ፣ ይሄ ሁሉ ለአይጥና ለሴል ነው። የእኔን ግርሻ በሽተኛ አስረጂኝ» አለ።

ያለው ነገር እውነት ነው። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ የያዘው ሰው ፔኒሲሊን ሲወጋ በሰዓታት ውስጥ ይብስበታል። ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይሰቀላል፣ ከዚያ ግፊቱ ይወርዳል። ያሪሽ ሄርክስሃይመር ይባላል። መድኃኒቱ አይደለም የሚጎዳው። ባክቴሪያዎቹ በአንዴ ሲረግፉ አካላቸው ደም ውስጥ ይበተናል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ሥራ የተሠራው አዲስ አበባ ነው፤ በ1996 የታተመ። 49 ሕሙማን ነበሩ። ከፔኒሲሊኑ በፊት የቲኤንኤፍ ማገጃ ከተሰጣቸው 20ዎቹ ውስጥ 10 ሰዎችን ብቻ ያዛቸው። ካልተሰጣቸው 29ኙ ግን 26ቱን።

አሁን የእኔ ጥያቄ መጣ። የግርሻው ጀርም፣ ቦረሊያ፣ እንደ ኢ. ኮላይ ያለ ኤልፒኤስ የለውም። የሚቀሰቅሰው በገጹ ላይ ያሉት ሊፖፕሮቲኖች ናቸው፤ የሚያያቸውም ቲኤልአር4 ሳይሆን ቲኤልአር2 ነው። በሩ ሌላ፣ ቤቱ አንድ። ፍሪጃችን ውስጥ ፓም3ሲኤስኬ4 አለ፤ የባክቴሪያ ሊፖፕሮቲንን አስመስሎ የተሠራ። ኤልፒኤስን በእሱ ተካሁት።

ሠራ። ቲኤንኤፍ በአንደኛው ምልክት ብቻ ወጣ፣ ሽፋኑ ሳይነካ። ኢንተርሉኪን-1 ኒጀሪሲንን ጠበቀ። ለጓደኛዬ የመለስኩለት ይህንኑ ነው፦ በሽተኛህን የሚያንቀጠቅጠው ቲኤንኤፍ ለመውጣት የማንም ሴል መፈንዳት አያስፈልገውም። «እሺ፣ ግሉኮሱን ሰቅዬ ልጠብቅ» አለኝ። በሽተኛ የሚጠብቀው ሰው የሚመልሰው እንዲህ ነው።

ሰኞ

ኒጀሪሲን ምቹ ነው ግን ሰውን የሚያሳምም ጀርም መርዝ አይደለም። ስለዚህ የስታፍ አልፋ መርዝ። ይሄ የእውነት ነው፤ ሳንባና ቆዳ የሚያበላሽ።

አንድ በአንድ ተለቅቆ ሴሉ ላይ ያለውን አዳም10 የሚባል ፕሮቲን ይይዛል። ሰባት ሆነው ሲገጣጠሙ ሽፋኑን ከውጭ ይበሱታል። ቀዳዳው ጠባብ ነው፣ ጠባቡ ቦታ ላይ 1.5 ናኖሜትር እንኳ አይሞላም። ፖታሲየም ግን ያልፋል። ሴሉ ያንን ይሰማና ከውስጥ በራሱ ባለ 21 ናኖሜትር ይመልሳል። ከጠላቱ የባሰ ቀዳዳ በራሱ ላይ።

መርዙ በኢ. ኮላይ ነው የተመረተው። ስለዚህ ኤልፒኤስ ሊኖርበት ይችላል። ለኮንትሮል 35ኛው አሚኖ አሲድ፣ ሂስቲዲን፣ በሉሲን የተተካበትን የመርዙን ዓይነት አዘዝን። ሴሉ ላይ ይለጠፋል፣ ቀዳዳ ግን አይከፍትም። ከሁለቱ ያልተለወጠው መርዝ ብቻ ሴሉን ካቃጠለው ጥፋቱ የቀዳዳው ነው።

ማክሰኞ

አነስተኛው መጠን ላይ እንደታሰበው ሄደ። ነጥብ አለ፣ ኢንተርሉኪን-1 አለ፣ ኤምሲሲ950 ሁለቱንም አጠፋ፣ ኤልዲኤችንም አወረደ። የተለወጠው መርዝ ምንም አላደረገም።

መጠኑ ከፍ ሲል ነገሩ ተበላሸ። ኤምሲሲ950 ነጥቦቹን አጠፋ። ኤልዲኤች ግን ንቅንቅ አላለም። መርዙ ኢንፍላማሶሙን ሳይጠብቅ በራሱ ሴሉን እየጨረሰ ነው። ኢንተርሉኪን-1ም በኢላይዛ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ይሄኛው አታላይ ነው። የእኛ ኢላይዛ ያልተቆረጠውን 31 ኪሎዳልተንም በመጠኑ ያነባል። ሴሉ እንዲሁ ከተዘረገፈ ያልበሰለውም ይቆጠራል።

ስለዚህ ኢላይዛውን ብቻ ይዤ ስለ ከፍተኛው መጠን ምንም አልልም። 17 ነው ወይስ 31 የሚለውን ፕሮቲኖችን ጄል ላይ በመጠን የሚለየው ዌስተርን ብሎት ይነግረናል። ሱፐርናታንቱን (ከሴሎቹ በላይ ያለውን ፈሳሽ) ከፋፍዬ ማይነስ 80 አስገብቻለሁ፣ ግማሹ ከነግላይሲን ነው። ጄሉ ሐሙስ ይሮጣል።